የቁርጡባው ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ እና የአንገት መግል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ዓምድ በየእትሙ ከቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት የአንዱን ሕይወት እናወሳለን። ዛሬ ተራው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ የአቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ነው። ስማቸው ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። በየዝግጅቱ ከኢብን ሲናና ከአር-ራዚ ጋር ይጠራሉ፤ ሁለት መቶ ያህል የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል እንዳሳዩ ይነገራል፤ ሁላችንም በኩራት ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከዚያ ወደ ሌላ ጨዋታ እናልፋለን። ዛሬ ግን እንደዚያ ልናልፋቸው አልፈለግንም። ሕይወታቸውንና ሥራቸውን በአንድ የሰውነት ክፍል በኩል እንመለከታለን፤ በአንገት።

ለምን አንገት? የእረፍት ጊዜያችን ተቃርቧል። አንዳንዶቻችን ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ አውበሬ፣ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሐርሺን፣ ሌሎቻችን ደግሞ ወደ ሽንሌና ኤረር ወደ ቤተሰቦቻችን እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እቤቱ ሲደርስ የሚያጠናው ትምህርት ምንም ይሁን ምን ስለ ሁሉም ነገር ይጠየቃል። ሕፃኑ ጉሮሮውን አሞታል፤ እንጥሉ ይቆረጥ ወይስ ይቅር? አጎታችን ጥርሱን ሲያመው ሰንብቶ አሁን ከአገጩ በታች አብጧል፤ ይንጋ ወይስ በሌሊት መኪና ይፈለግ? እነዚህ ተራ የሚመስሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ግን የሰው ነፍስ የሚያተርፍ ወይም የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። አዝ-ዘህራዊ ስለእነዚሁ ጥያቄዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አስበው ጽፈዋል።

ትውልዳቸውና ዘመናቸው

እ.ኤ.አ. በ936 (325 ሂ.) የአንደሉሱ ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ከቁርጡባ (ኮርዶባ) በስተምዕራብ በተራራ ግርጌ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋ መዲነቱ ዘህራእ ተባለች። አቡል ቃሲም የተወለዱት በዚያው ዘመን ገደማ ሲሆን፣ አዝ-ዘህራዊ የሚለው መጠሪያም የመጣው ከዚህችው ከተማ ነው። አል-አንሷሪ ተብለውም ይጠራሉ፤ ዘራቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ከተቀበሉት አንሷሮች ይቆጠራልና።

ያደጉባት ቁርጡባ ዕውቀት የከበረባት ከተማ ነበረች። ከዐብዱረሕማን ቀጥለው ከ961 እስከ 976 የገዙት ልጃቸው አል-ሐከም ሁለተኛ መጻሕፍትን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በማሰባሰብ የታወቁ ናቸው። አዝ-ዘህራዊም የእኚህ ኸሊፋ ሐኪም እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። ይሁን እንጂ ስማቸውን ያቆየው ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን በሽተኞቻቸውና መጽሐፋቸው ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያክሙና ሲያስተምሩ ኖረው በ1000 ገደማ አት-ተስሪፍ የተባለውን ሠላሳ ክፍል ያለው መጽሐፍ አጠናቀቁ። የመጽሐፉ ሙሉ ስም ራሱ ትሕትና አለበት፤ ይህን መሰል መጽሐፍ ራሱ ማጠናቀር ላልቻለ ሰው የተሰናዳ መሆኑን ይገልጻልና። በውስጡ ስለ በሽታዎች፣ ስለ መድኃኒት ቅመማና ስለ ምግብ ጽፈዋል። የመጨረሻው ሠላሳኛው ክፍል ግን ስለ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ በሦስት ምዕራፎችም ይከፈላል። አንደኛው በእሳት ስለ መተኮስ፣ ሁለተኛው በምላጭ ስለ መቁረጥ፣ ሦስተኛው ስለ አጥንት ስብራትና ውልቃት ነው።

በዚህ ክፍል ተማሪዎቻቸውን የሚጠሯቸው ልጆቼ እያሉ ነው። ገጾቹን የሚያነብ ሰው አንድ አረጋዊ ሐኪም ወጣቶችን ከፊቱ አስቀምጦ የሚመክር ይመስለዋል። ምክሩም ከድል ታሪክ አይጀምርም፤ የሚጀምረው ከሞት ነው።

በሐኪሟ ፊት የሞተችው ሴት

አዝ-ዘህራዊ በመግቢያቸው ላይ በዘመናቸው በአገራቸው የቀዶ ሕክምና ዕውቀት ሊጠፋ እንደደረሰ ያማርራሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱም የሰውነትን አሠራር ሳይማር ምላጭ የሚያነሳ ሰው መግደሉ አይቀርም ይላሉ። ምሳሌም ይሰጣሉ። አንድ ዕውቀት የሌለው ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ የነበረ የዕጢ እብጠት ሲቀድ የአንገቷን የደም ሥሮች አብሮ ቆረጣቸው። ደሟ ያለማቋረጥ ፈስሶ እፊቱ ወድቃ ሞተች። ይህን በዓይናቸው ያዩት ነው። ሌሎች መሰል ጥፋቶችንም ይዘረዝራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ትእዛዝ ግልጽ ነው። የቀዶ ሕክምና ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደኅንነት ያለበት፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ አደጋ ያለበት። የገንዘብ ፍላጎት ወደ ሁለተኛው እንዳይገፋችሁ፤ ጥንቃቄያችሁ ከጉጉታችሁ ይብለጥ ይሏቸዋል።

ያች ሴት በአንገቷ ምክንያት መሞቷ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አንገት ጠባብ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ግን ብዙ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱና የሚመልሱ ትልልቅ የደም ሥሮች፣ የአየር ቧንቧ፣ የምግብ ቧንቧ፣ ድምፅንና መዋጥን የሚያዙ ነርቮች ሁሉ በዚያች ጠባብ ስፍራ ተደራርበው ይኖራሉ። በእነሱ መካከል በስስ ሽፋኖች የተከለሉ ክፍተቶች አሉ። በጤና ጊዜ ክፍተቶቹ መኖራቸው እንኳ አይታወቅም። መግል ሲገባባቸው ግን እንደ መተላለፊያ ይሆናሉ። ከጥርስ ሥር የተነሳው መግል ከምላስ በታች፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ጎን፣ ከዚያ ከጉሮሮ ጀርባ ወዳለው ክፍተት፣ በዚያም ቁልቁል ወርዶ እስከ ደረት ውስጥ ድረስ ይደርሳል። ሐኪሞች ጥልቅ የአንገት ኢንፌክሽን የሚሉት ይህን ነው። ቆዳ ላይ እንደሚወጣ እባጭ አፍ አውጥቶ አይፈርጥም፤ ከላይ ትንሽ እብጠት ብቻ እየታየ ከውስጥ ብዙ ሊጓዝ ይችላል።

መነሻው ጥርስ ሲሆን

በአዋቂዎች ላይ ከዚህ ሕመም ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ የተበላሸ ጥርስ ነው፤ በተለይም የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች። የእነዚህ ጥርሶች ሥር ረጅም በመሆኑ ከሥራቸው የሚወጣው መግል በቀጥታ ከአገጭና ከምላስ በታች ወዳለው ክፍተት ይገባል። ከምላስ በታች ያለው ሥጋ በሁለቱም በኩል አብጦ እንደ እንጨት ሲጠነክር ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተገፍቶ የአየር መንገዱን ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪክ ፎን ሉድቪግ ይህን በ1836 በዝርዝር ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት በዚህ ሕመም ከተያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር።

አዝ-ዘህራዊ ስለ ጥርስ የጻፉት ከሉድቪግ ስምንት መቶ ዓመታት በፊት ነው። በጥርሶች ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ መፋቅ እንደሚገባ ያስተምራሉ፤ ለዚህም የሚያገለግሉ ልዩ ልዩ መፋቂያዎችን ሥለዋል። ስለ መንቀል ሲመጡ ግን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የታመመ ጥርስ በቅድሚያ በሚቻለው ሁሉ ይታከም፤ ለመንቀል አትቸኩሉ ይላሉ። መንቀል ግድ ሲሆን ደግሞ የታመመው የቱ እንደሆነ በእርግጥ ይታወቅ፤ ሕመም በሽተኛውን ስለሚያታልለው ደኅናው ጥርስ ተነቅሎ የታመመው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፀጉር አስተካካዮች ጥርስ እየነቀሉ ሥሩን ሰብረው ሲያስቀሩ፣ አንዳንዴም የመንጋጋ አጥንት አብረው ሲያነሱ አይተዋል፤ በዚህም ክፉኛ ይወቅሷቸዋል።

እኛስ? በዶርማችን ውስጥ የምናየውን እንናገር። ጥርሱን ያመመው ወንድም በሦስተኛው ቀን ከአንዱ ጓደኛ የተረፈ አሞክሲሲሊን ይለምናል፤ አራት ወይም አምስት ፍሬ ይውጣል፤ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ይተወዋል። ጥርሱ ግን እዚያው ነው፤ ከሥሩ ያለው መግልም እዚያው ነው። ፈተና ስላለብን፣ ገንዘብ ስለሌለን፣ የጥርስ ሐኪም ስለምንፈራ እናሳድረዋለን። የጣፈጠ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ከጫት ጋር የሚወሰድ ስኳር ሁሉ በጥርስ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ማንም አይነግረንም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ሰውነቱ ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ትንሽ የጥርስ ሕመም በፍጥነት ትልቅ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ሚስዋክን ሱንና አድርጎ ለሰጠን አምላክ ምስጋና ይገባው፤ ይህን ሱንና እንኳ ስንቶቻችን ችላ እንዳልነው ራሳችንን እንጠይቅ።

እንጥልና ቶንሲል

አሁን ወደሚያሳስበን ጉዳይ እንምጣ። በአካባቢያችንም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች ሕፃን ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው፣ ጡት አልጠባ ሲል እንጥሉ ወርዷል ይባልና በባህል ቆራጭ እጅ ይቆረጣል። ግግ ወይም በሶማሌ እናቶች አነጋገር የቀበሮ ጥርስ ነው ተብሎ ገና ያልወጣው የሕፃኑ ጥርስ ከድዱ ተፍቆ ይወጣል። ጉሮሮው በጣት ይጫናል፤ አንገቱና ደረቱ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ይህን የሚያደርጉት ወላጆች ልጃቸውን ስለሚጠሉ አይደለም። ሕፃኑ ሲሰቃይ ማየት ስላልቻሉና የሚያውቁት መፍትሔ ያ ስለሆነ ነው። ውጤቱ ግን አንዳንዴ ከበሽታው የከፋ ነው። ደም አልቆም ይላል፤ ለብዙ ልጆች ባገለገለ ምላጭ ቴታነስ፣ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ከተቆረጠው ቦታ የገባው ተሕዋስ ወደ አንገት ክፍተቶች ዘልቆ መግል ይቋጥራል። በአገራችን ይህ ድርጊት ከጎጂ ልማዶች ተርታ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

አዝ-ዘህራዊ ስለ እንጥልና ስለ ቶንሲል ቀዶ ሕክምና በዝርዝር ጽፈዋል፤ ይህን የሰማ ሰው ታዲያ የእኛ ቆራጮችስ ምን አጠፉ ሊል ይችላል። ልዩነቱን ልብ እንበል። ከመቁረጡ በፊት ማን እንደማይቆረጥ ይናገራሉ። እንጥሉ ክብ ሆኖ ያልረዘመ፣ ደም የመሰለ ወይም የጠቆረ፣ ስሜት የሌለው ከሆነ አይነካ፤ ለበሽተኛው አደጋ ነው ይላሉ። ቶንሲሉም ቀይና ሥሩ ወፍራም ከሆነ መቁረጥ አይገባም፤ መግል የያዘ ከሆነ እስኪበስል ይጠበቅ፤ ከዚያ ይበጣል ወይም ራሱ ይፈርጣል። የሚቆረጠው ነጣ ያለ፣ ሥሩ የቀጠነና ትኩስ እብጠቱ የበረደ ሲሆን ነው። ያን ጊዜም በሽተኛው ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ረዳት ራሱን ይይዛል፤ ምላሱ በመጫኛ ወደ ታች ይያዛል፤ የሚቆረጠው በዓይን ይታያል፤ ደም ቢበዛ የሚያቆመው የሮማን ልጣጭ ፍል አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከእኛ ሕፃናት መካከል ስንቶቹ ናቸው ጉሮሯቸው እንዲህ ታይቶ የተቆረጡት? በዛሬው ሕክምናማ እንጥልን መቁረጥ ለሳል፣ ለትውከትና ለጡት አለመጥባት መድኃኒት አይደለም።

ከአዝ-ዘህራዊ በፊት ደግሞ የበለጠ የሚያስገድደን ምክር አለን። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ኡሙ ቀይስ የተባሉት ሶሐቢያ፣ ዑዝራ በሚባል የጉሮሮ ሕመም ምክንያት ጉሮሮውን የተጫኑትን ልጃቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን በዚህ ዓይነት መጫን ለምን እንደሚያሰቃዩ ጠይቀው ከዚያ የዋህ ወደሆነ መድኃኒት መሯቸው። በሌላ ሐዲስም የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን አሳውቀዋል። በእሳት መተኮስንም ለኡመታቸው እንዳልወደዱት ተዘግቧል። እነዚህን ሐዲሶች ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን በለሰለሰ አንደበት ማድረስ ከማንም በፊት የእኛ ኃላፊነት ነው።

መግል መቼ ይከፈታል?

አዝ-ዘህራዊ መቁረጥን የሚፈሩ ሰው ነበሩ ብሎ የሚደመድም ካለ ተሳስቷል። ስለ መግል በጻፉበት ቦታ በአብዛኛው እስኪበስል መጠበቅ እንደሚገባ ከተናገሩ በኋላ መጠበቅ ጥፋት የሚሆንባቸውን ይለያሉ። መግሉ ከመገጣጠሚያ ወይም ከዋና የሰውነት ክፍል አጠገብ ከሆነ ሳይበስልም ቢሆን ይከፈት፤ አለበለዚያ ወደ ውስጥ በልቶ ያበላሻል ይላሉ። የሚከፈተውም መግሉ ወደ ታች እንዲፈስ ከዝቅተኛው ቦታ ነው። መግሉ የበዛ እንደሆነና በሽተኛው ደካማ፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ከፊሉ ዛሬ፣ ከፊሉ ነገ ይወጣል።

የዛሬ ሐኪሞችም በጥልቅ የአንገት መግል ላይ የሚያደርጉት በመሠረቱ ይህንኑ ማመዛዘን ነው። መጀመሪያ የአየር መንገዱ ይጠበቃል፤ በደም ሥር ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጣል፤ መግሉ የት እንደደረሰ በሲቲ ስካን ይታያል፤ ከዚያ በሰመመን ተከፍቶ ይወጣል፤ መነሻው ጥርስ ከሆነ ጥርሱም ይነቀላል። ከዘገየ ግን መግሉ ወደ ደረት ወርዶ በልብና በሳንባ መካከል ይቋጥራል፤ በአንገት ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተሕዋሱ ወደ ሳንባ ይበተናል፤ ወይም መላ ደሙ ተመርዞ ሰውየው ይሞታል።

መነሻው ሁልጊዜ ጥርስና ቶንሲል ብቻ አይደለም። የፍየል ሥጋ ስንበላ ጉሮሮ ላይ የተሰካ ስለታም አጥንት የምግብ ቧንቧን ወግቶ ከኋላው መግል ሊያስይዝ ይችላል። ለዚህም አዝ-ዘህራዊ ዘዴ ነበራቸው፤ በፀሐይ ብርሃን ምላስን ተጭኖ ማየት፣ ከታየ ማውጣት፣ ካልታየ በክር የታሰረ ስፖንጅ አስውጦ መሳብ። ዛሬ በሆስፒታል ብርሃንና ካሜራ ባለው መሣሪያ ይወጣልና ደረቅ እንጀራ ወይም ሙዝ እየዋጡ ወደ ታች ለመግፋት መታገል አያስፈልግም። በትንንሽ ልጆች ደግሞ ከተራ ጉንፋን በኋላ ከጉሮሮ ጀርባ ያሉ ዕጢዎች መግል ሊይዙ ይችላሉ። ሳያምና ሳያተኩስ በአንገት ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢም የቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ምላጭ ሳይሆን ምርመራና ለወራት የሚወሰድ የቲቢ መድኃኒት ነው። ያች በሐኪሟ ፊት የሞተችው ሴት አንገት ላይ የነበረውም የዕጢ እብጠት እንደነበር እናስታውስ።

ጉሮሮዋን የቆረጠችው ልጃገረድ

ከአዝ-ዘህራዊ ገጠመኞች ሁሉ ከጉዳያችን ጋር በጣም የሚቀርበው ይህ ነው። በአፍ፣ በጉሮሮ ወይም በቶንሲል እብጠት ትንፋሹ ሊቋረጥ የደረሰን ሰው ከእብጠቱ በታች የአየር ቧንቧውን ከፍቶ ማስተንፈስ እንደሚቻል የጥንት ሐኪሞች ጽፈው ነበር። አዝ-ዘህራዊ ይህን አንብበዋል፤ በአገራቸው ግን ይህን ሲሠራ ያዩት ሰው አልነበረም። የተቆረጠ የአየር ቧንቧ ይድናል ወይ? ለዚህ መልሱን ያገኙት ባልጠበቁት ሁኔታ ነው።

አንዲት አገልጋይ ልጃገረድ በቢላ የገዛ ጉሮሮዋን ቆረጠች። ተጠርተው ሲደርሱ እንደታረደ እንስሳ እያጓራች አገኟት። ቁስሉን ገልጠው ሲያዩ የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው፤ ከአየር ቧንቧው ግን ትንፋሽ ይወጣል። ትልልቆቹ የደም ሥሮች አልተነኩም። ቁስሉን ሰፉት፤ እስኪድንም ተከታተሉት። ልጅቱ ዳነች፤ ከድምፅዋ መጎርነን በቀር የቀረባት ነገር አልነበረም። ከዚህ ተነስተው የአየር ቧንቧን መክፈት የሚያሰጋ እንዳልሆነ ለተማሪዎቻቸው ጻፉ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አንደሉሳዊው ኢብን ዙህር (1162 የሞቱት) ይህንኑ በፍየል ላይ ሞክረው ፍየሏ እንደዳነች መዝግበዋል። ዛሬ አንገቱ አብጦ ቱቦ በአፉ ማስገባት ያልተቻለ በሽተኛ የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸውና የመጽሐፋቸው ጉዞ

የአዝ-ዘህራዊ እርጅና ሰላም አልነበረውም። ከ1009 ጀምሮ በአንደሉስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፤ የተወለዱባት መዲነቱ ዘህራእ ተዘርፋ ፈረሰች። እሳቸውም በዚያው ዘመን፣ ብዙዎች እንደሚሉት በ1013 (404 ሂ.) ገደማ ወደ አኺራ ሄዱ። በዘመናቸው የነበሩት ታላቁ ዐሊም ኢብን ሐዝም ስለ አንደሉስ መጻሕፍት በጻፉበት ጊዜ አት-ተስሪፍን በአድናቆት አንስተውታል።

ከተማዋ ብትፈርስም መጽሐፉ ተጓዘ። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ጄራርድ ዘክሬሞና በቶሌዶ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን ተረጎመው። ፈረንሳዊው የቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾሊያክ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ደጋግሞ ጠቀሰው። በ1465 የአማሲያው ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ በቱርክኛ ከሥዕል ጋር አዘጋጀው። በ1497 በቬኒስ ታተመ። ለብዙ ምዕተ ዓመታት የአውሮፓ የቀዶ ሐኪሞች ትምህርታቸውን ካገኙባቸው መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ቆየ።

ይህን ስንል መጽሐፉ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ይወሰድ ማለታችን አይደለም። በውስጡ ከሃምሳ በላይ ርዕሶች ስለ እሳት መተኮስ ይናገራሉ፤ አብዛኞቹን የዛሬ ሕክምና አይቀበላቸውም። ሰመመንም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም በጊዜው አልነበሩም። ከእሳቸው የምንወስደው ሳያውቁ አለመንካትን፣ ያዩትን በእውነት መጻፍን፣ የማይችሉትን ለሚችል መተውን ነው።

ለእረፍት ስንሄድ

እንግዲህ እቤታችን ደርሰን ስንጠየቅ ምን እንበል? ጥርስ ወይም ጉሮሮ ያመመው ሰው አፉን ለመክፈት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከአፉ ከፈሰሰ፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ከተለወጠ፣ ከአገጩ በታች ጠንክሮ ካበጠ፣ ምላሱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ አንገቱን ማዞር ካልቻለ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካወጣ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ደረቱን ካመመው ንጋትን አንጠብቅ። መኪና እንፈልግ። በግድ በጀርባው አናስተኛው፤ በሚቀለው አቀማመጥ ይቀመጥ። እብጠቱን አንጫን፣ አንብጣ፣ አንተኩስ። በአቅራቢያችን ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘን ወደ ጅግጅጋው ካራማራ ወይም ሼህ ሐሰን የበሬ ሆስፒታል፣ ከሽንሌና ከኤረር በኩል ከሆንን ደግሞ ወደ ድሬዳዋ እንሂድ። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ጊዜው ይበልጥ አጭር ነው።

ከሕክምና ትምህርት ክፍል ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች በየመስጂዱ ከጁሙዓ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ጠይቃችሁ ይህን በሶማሊኛና በአማርኛ ብታስረዱ ትልቅ ሰደቃ ነው። ሌሎቻችንም ቢያንስ የራሳችንን ጥርስ እንታከም፤ የጓደኛን ተራፊ ክኒን እንተው። እንጥል የሚቆርጡትን አዛውንት ደግሞ በሰው ፊት አንዝለፋቸው፤ ለብቻ ቀርበን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡሙ ቀይስ የነገሯቸውን እናስታውሳቸው።

አላህ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊን ይዘንላቸው፤ ዕውቀታቸውን ቀጣይ ምንዳ ያድርግላቸው። የታመሙብንን ሁሉ ያሽርልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።